ቲታኒየም፦ በአፈር የሞላ፣ በእጅ ያልገባ

ከአርባ ምንጭ ተነስቶ የጋሞን ደጋ ወደ ደቡብ ምዕራብ አቋርጦ ካምባ የሚደርስ መንገደኛ ጫማውን ሲያወልቅ የሚያራግፈው ቀይ አፈር አለ። በክረምት እግር ይይዛል፤ በበጋ ይቦናል። እንሰቱም፣ ገብሱም፣ በቆሎውም የሚኖረው በእሱ ነው። አፈሩን ያቀላው ብረት መሆኑን ብዙ ሰው ያውቃል። ከብረቱ ጎን ግን ስሙ እምብዛም የማይነሣ ሌላ ማዕድን አለ። የአውሮፕላን ሞተር ይሠራበታል፤ የወለቀ ጥርስ ይተካበታል፤ ግድግዳችንም የሚነጣው በእሱ ነው። ቲታኒየም ይባላል።

በዚያው ደጋ፣ በገበያ ዳር፣ ብረት ቀጥቃጩ ወናፉን እየነፋ ከአሮጌ መኪና የተፈታ ባሌስትራ ያግላል። ቀጥቅጦ መቆፈሪያ፣ ማጭድና ቢላ ያወጣለታል። የተቀመጠበት አፈር ውስጥ ያለውን ቲታኒየም ግን እሱም ሆነ ከእሱ በፊት የነበሩት አባቶቹ በወናፍና በከሰል ሊያወጡት አይችሉም ነበር። የዓለም ታላላቅ ኬሚስቶችም ቢሆኑ ማዕድኑን ካወቁት በኋላ ንጹሑን ብረት በእጃቸው ለመያዝ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል።

ይህ ዳሰሳ የሚነሣው ከዚህ ነው። በአፈር ውስጥ እንዲህ የበዛ ነገር በእጅ ሲገባ ለምን ይወደዳል? ምን ያህል ይጠቅማል? እኛስ ከእሱ ጋር ያለን ጉዳይ ምንድን ነው?

ምን ዓይነት ብረት ነው?

እ.ኤ.አ. በ1791 ዊልያም ግሬጎር የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ በኮርንዎል ከአንድ ጅረት ዳር ያነሣውን ጥቁር አሸዋ መረመረ። አሸዋው በማግኔት ይሳባል፤ በውስጡ ግን ከብረት ሌላ፣ እስከዚያ ድረስ ማንም ያላወቀው ነገር ነበረበት። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1795፣ ጀርመናዊው ኬሚስት ማርቲን ክላፕሮት ያንኑ ነገር ሩታይል ከሚባል ማዕድን አገኘውና በግሪኮች አፈ ታሪክ የሰማይና የምድር ልጆች በሆኑት በቲታኖች ስም ጠራው። ስሙ ትንቢት ይመስላል፤ ይህ ብረት ዛሬ አንድ እግሩ አፈር ውስጥ፣ አንድ እግሩ ሰማይ ላይ ነው።

ጠባዩን ለመረዳት ከክብደቱ እንጀምር። አንድ ሊትር የሚይዝ ጆግ በብረት ቢሞላ 7.8 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ በቲታኒየም ቢሞላ 4.5 ኪሎ፣ በአሉሚኒየም ቢሞላ 2.7 ኪሎ። ቲታኒየም እንግዲህ በሁለቱ መካከል የቆመ ነው። ጥንካሬው ግን ወደ ብረቱ ያደላል። ንጹሕ ቲታኒየም ከተራ ብረት ጋር ይተካከላል። 6 በመቶ አሉሚኒየምና 4 በመቶ ቫናዲየም ሲቀላቀልበት ደግሞ ከብዙ የብረት ዓይነቶች በላይ ይጠነክራል። በዓለም ላይ ከሁሉ በላይ የሚሠራበት የቲታኒየም ቅይጥም ይኸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት መታረም አለበት። ቲታኒየም ከብረታ ብረት ሁሉ የጠነከረ ነው ይባላል፤ አይደለም። በእሳትና በውሃ የተቀጣ ጥሩ የብረት ቅይጥ ይበልጠዋል፤ በስለትም ቢሆን የተሻለ ቢላ የሚወጣው ከብረቱ ነው። የቲታኒየም ብልጫ የሚታየው ጥንካሬው ለክብደቱ ሲካፈል ነው። ተመሳሳይ ሸክም የሚችል ዕቃ ከቲታኒየም ሲሠራ ከብረቱ በእጅጉ ይቀላል። ክብደት ገንዘብ በሆነበት ቦታ ሁሉ የሚፈለገው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጠባዩ አለመዛጉ ነው። ቲታኒየም አየር ሲነካው ወዲያው ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ በዓይን የማይታይ፣ ውፍረቱ የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ጥቂት ክፍል ብቻ የሆነ ቆዳ ይለብሳል። ቆዳው ቢጫር በቅጽበት ራሱን ይተካል። ብረትም ከኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ ቆዳ ያበጃል፤ የብረት ዝገት ግን እየተላጠ ውስጡን ያስበላል፣ የቲታኒየሙ ቆዳ ግን እንደ ጋሻ ይዘጋል። የባሕር ውሃ፣ ላብና ደም የማይደፍሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ከሙቀት ጋር ያለው ነገር ነው። ብረት በ1538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀልጥ ቲታኒየም 1668 ዲግሪ ድረስ ይጠብቃል። ይህን ሰምቶ ለማንኛውም እሳት ይሆናል ማለት ግን አይቻልም። ከ600 ዲግሪ ገደማ በላይ በአየር ውስጥ ከቆየ ኦክስጅኑን ወደ ውስጥ ይመጥና ይሰባበራል። ሙቀትንም ቶሎ አያስተላልፍም። በዚህ የተነሣ በቶርኖ ሲቆረጥ ሙቀቱ በመቁረጫው ጫፍ ላይ ተከማችቶ ስለቱን ይበላል፤ ቀጭኑ ፍቅፋቂም ሊቀጣጠል ይችላል። ሲበየድም አየር እንዳይነካው በአርጎን ጋዝ መሸፈን አለበት። እንግዲህ ብረቱ ለሠሪው እልኸኛ ነው፤ በዝግታ፣ በስለታም መሣሪያና በብዙ ማቀዝቀዣ ካልያዙት አይገራም።

በእኛ መሬት ውስጥ

ከመሬት ቅርፊት ንጥረ ነገሮች መካከል ቲታኒየም በብዛቱ 9ኛ ነው፤ ከቅርፊቱ ክብደት ከ0.5 በመቶ በላይ ይይዛል። መዳብ፣ ዚንክና እርሳስ ተደምረው አይደርሱበትም። በኢትዮጵያ ደግሞ ደጋችን የቆመው በእሳተ ገሞራ አለት ላይ ስለሆነ ድርሻችን ከአማካዩ ከፍ ይላል።

የሰሜን ምዕራቡን ደጋ የገነባው ታላቅ የባዛልት ጎርፍ የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። የሥነ ምድር ሊቃውንት ይህን አለት ሲመድቡ የተጠቀሙበት መለያ ራሱ ቲታኒየም መሆኑ ያስደንቃል፦ በምዕራብ በኩል ያለውን አነስተኛ ቲታኒየም ያለው፣ ወደ ላሊበላ በኩል ያለውን ከፍተኛ ቲታኒየም ያለው ብለው ከፍለውታል። የጋሞና የአማሮ ባዛልት ደግሞ ከዚያም የቀደመ ነው። ከ45 እስከ 35 ሚሊዮን ዓመት በፊት ፈስሶ የረጋ ሲሆን በአገሪቱ ከሚታወቁት የእሳተ ገሞራ አለቶች ቀደምት ከሆኑት ይቆጠራል። አንድ የጋሞ ተራራ የሚያህል ታሪክ በአለቱ ውስጥ ተጽፏል ማለት ነው።

ይህ ባዛልት በዝናብና በፀሐይ ሲበሰብስ ሶዲየሙ፣ ካልሲየሙና ማግኒዚየሙ ከውሃ ጋር ይሄዳሉ። ብረቱና ቲታኒየሙ ግን በውሃ ስለማይሟሙ እዚያው ይቀራሉ። ስለዚህ አፈሩ ባረጀ መጠን ይቀላል፣ በቲታኒየምም ይበለጽጋል። በባዛልት ውስጥ የቲታኒየም ኦክሳይድ መጠን አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 4 በመቶ ነው። 2 በመቶ ያለበትን አንድ ኩንታል አፈር ብንወስድ 2 ኪሎ ኦክሳይድ፣ ከዚያም ውስጥ 1.2 ኪሎ ገደማ ንጹሕ ቲታኒየም ይኖርበታል። ይህ መጠን በማዕድን ቁፋሮ ሚዛን ትንሽ ነው፤ ገበሬው በዓመት ስንት ኩንታል አፈር እንደሚገለብጥ ላሰበ ሰው ግን ትንሽ አይደለም።

ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ወደ አባያ ሐይቅ ሲያወርደው ውሃው ይደፈርሳል። አባያን ቡናማ ያደረገው ይኸው በውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ደለል ነው። የማይሟሟው ቲታኒየምም ከደለሉ ጋር ወርዶ በሐይቁ ወለል ላይ በንብርብር ይቀመጣል። በዚህ ጠባዩ የጥንት አየር ንብረትን የሚያጠኑ ሰዎች ምስክር አድርገውታል። ከሐይቅ ወለል የሚወጣ የጭቃ ናሙና ውስጥ ቲታኒየም ሲበዛ ከየብስ ብዙ አፈር የታጠበበት ዘመን እንደነበር ይገምታሉ። በጣና ሐይቅ ደለል ላይ በተደረገ ጥናትም በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት ወደ ኋላ ሄደው የዝናቡንና የድርቁን መፈራረቅ ለማንበብ ከተጠቀሙባቸው ምልክቶች አንዱ ቲታኒየም ነበር። ዛሬ ከጋሞ ተራሮች የሚታጠበው አፈርም እንዲሁ በየዓመቱ እየተመዘገበ ነው፤ እርከን ስንሠራም ሆነ ስንተው መዝገቡ ይጻፋል።

ስለ ቀይ አፈር ሲነሣ ሳይጠቀስ መታለፍ የሌለበት ሕመም አለ። በጋሞ፣ በወላይታና በሌሎች ደጋዎች በባዶ እግራቸው ለዘመናት በሚሠሩ ገበሬዎች ላይ የሚታየው የእግር ዝሆኔ ከትንኝ የሚመጣ አይደለም። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ የሠራው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ሕመሙ ከእሳተ ገሞራ አፈር ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል፤ ደቃቅ የማዕድን ብናኝ በእግር ቆዳ ገብቶ የሰውነትን የፍሳሽ መስመር ይጎዳል። የተመራማሪዎቹ ጥርጣሬ ይበልጥ ያረፈው ሲሊካ ባለባቸው የአፈር ማዕድናት ላይ ነው። ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና ታጥቦ መጠበቅ ሕመሙን ይከላከላል። አፈራችን ሀብት ነው ከማለታችን በፊት አፈሩ የጎዳቸውን ሰዎች እግር ማየት ይገባናል።

ለቁፋሮ የሚበቃ ክምችት የሚፈለገው ተፈጥሮ ራሷ አጣርታ ካከማቸችበት ቦታ ነው። በምዕራብ ወለጋ በግምቢ አካባቢ የሚገኘው የቢቂላል ክምችትና በደቡብ በኩል ያለው መልካ አርባ በዚህ ይታወቃሉ። በሁለቱም ብረትና ቲታኒየም የያዙ ማዕድናት ለማዳበሪያ ከሚሆነው ፎስፌት ጋር በአንድ አለት ውስጥ ተደባልቀው ይገኛሉ። ይህ ድብልቅ በአንድ በኩል በረከት ነው። በሌላ በኩል ግን ቲታኒየም የበዛበት የብረት ማዕድን በከፍተኛ ምድጃ ሲቀልጥ ዝቃጩ እየወፈረ ሥራውን ያውካል፤ ብረት ፈላጊው ቲታኒየሙን እንደ ጠላት ያየዋል።

ጎረቤታችን ኬንያ የተሻለ ዕድል ገጥሟታል፤ የባሕር ዳርቻ አላት። ማዕበልና ነፋስ ለሚሊዮን ዓመታት ከባዱን አሸዋ ከቀላሉ ሲለዩ ኢልመናይት፣ ሩታይልና ዚርኮን የሚባሉ ማዕድናት ይከማቻሉ። ከሞምባሳ በስተደቡብ ባለችው በክዋሌ የተከፈተው ማዕድን ማውጫ የመጀመሪያ ጭነቱን በየካቲት 2014 (እ.ኤ.አ.) ልኮ በታኅሣሥ 2024 ቁፋሮውን ዘጋ። አሥር ዓመት ሙሉ የተላከው የተጣራ አሸዋ ነበር። አሸዋውን ወደ ነጭ ቀለምና ወደ ብረት የሚለውጡት ፋብሪካዎች ባሕር ማዶ ናቸው። ይህ ለእኛም ትምህርት ነው።

ከሰል ያልቻለው

የብረት ማዕድን ማለት ከኦክስጅን ጋር የተጣበቀ ብረት ነው። ጥንት በደቡብ ኢትዮጵያ ብረት ሲያነጥሩ የነበሩ ሰዎች የማዕድን ድንጋዩን ከከሰል ጋር በሸክላ ምድጃ ጨምረው በወናፍ ሲነፉ፣ የከሰሉ ጢስ ኦክስጅኑን ከብረቱ ነጥቆ ይዞት ይሄዳል። የኬሚስትሪ ስሙን ባያውቁትም ሥራውን ያውቁት ነበር። ቲታኒየም ግን ኦክስጅንን አጥብቆ ስለያዘ ከሰሉ ሊያስለቅቀው አይችልም። ማዕድኑ ቲታኒየም ካለበት ብረቱ ለብቻው ይወጣና ቲታኒየሙ ከዝቃጩ ጋር ይቀራል። እሳቱ በጣም ቢበረታ እንኳ ቲታኒየሙ ከራሱ ከከሰሉ ጋር ይዋሐድና ሌላ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነገር ይሆናል። ከናይትሮጅንም ጋር ይዋሐዳል፤ በናይትሮጅን ውስጥ ከሚቃጠሉ ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው።

በአሜሪካ ይሠራ የነበረው ማቲው ሀንተር ንጹሕ ቲታኒየም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው፤ ከግሬጎር አሸዋ 119 ዓመት በኋላ። ለኢንዱስትሪ የሚሆነውን መንገድ የጠረገው ደግሞ የሉክሰምበርግ ተወላጁ ዊልያም ክሮል ሲሆን፣ በ1930ዎቹ ሠርቶ የፈጠራ መብቱን በ1940 አገኘ። ዛሬም አብዛኛው የዓለም ቲታኒየም የሚወጣው በእሱ ስልት ነው።

ስልቱ እንዲህ ነው። ማዕድኑ ከከሰል ጋር በክሎሪን ጋዝ ይጠበሳል። ቲታኒየሙ ኦክስጅኑን ትቶ ከክሎሪን ጋር ይሄድና በ136 ዲግሪ የሚፈላ ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ እንደ አረቄ ተፈልቶ ይጣራል። ቀጥሎ አየር በሌለበት፣ አርጎን በተሞላ የብረት ጋን ውስጥ ከቀለጠ ማግኒዚየም ጋር ይገናኛል። ማግኒዚየሙ ክሎሪኑን ሲወስድ ብዙ ቀዳዳ ያለው፣ ስፖንጅ የመሰለ ቲታኒየም ይቀራል። ሥራው ቀናት ይወስዳል፤ አንዱ ጋን ተከፍቶ ካልወጣ ሌላው አይገባም። ስፖንጁ ተቆርጦ፣ ተጠቅጥቆ፣ አየር በሌለበት በኤሌክትሪክ ብልጭታ እንደገና ይቀልጣል። በየደረጃው መብራት ይበላል፣ ክሎሪን ይፈልጋል፣ የሠለጠነ ሰው ይጠይቃል።

መጀመሪያ ላይ ለምን ይወደዳል ብለን ለጠየቅነው መልሱ ይኸው ነው። ወርቅ የሚወደደው ስለማይገኝ ነው። ቲታኒየም በየመንገዱ ተደፍቶ ይገኛል፤ የሚከፈለው ከኦክስጅን ለማለያየት ነው።

ነጩ ዱቄት

ቲታኒየም ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ አውሮፕላንና ስለ ሰዓት ነው። ነገር ግን በዓለም ከሚቆፈረው የቲታኒየም ማዕድን ከአሥሩ ዘጠኙ እጅ የሚያህለው ጭራሽ ብረት አይሆንም። ከኦክስጅኑ ሳይለያይ ተጣርቶ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባል ነጭ ዱቄት ይሆናል።

ዱቄቱ የሚፈለገው ብርሃንን ስለሚያጥፍ ነው። ሩታይል የብርሃንን መንገድ የሚሰብርበት ኃይል ከአልማዝ ይበልጣል። ስለዚህ ጥቂት ዱቄት በስሱ ሲቀባ የሚመጣውን ብርሃን ሁሉ መልሶ ይበትነዋል፤ ከሥሩ ያለው ግድግዳ አይታይም። ኖራ የለመደ ቀቢ ሦስት ጊዜ ደራርቦ የሚያለብሰውን እሱ በአንድና በሁለት እጅ ይሸፍናል። በፋብሪካ መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1916 በኖርዌይና በአሜሪካ ነው። ከዚያ በፊት ለነጭ ቀለም ይውል የነበረው እርሳስ ሕፃናትን የሚመርዝ ስለነበር ቲታኒየም የሰው ሕይወት አትርፏል ማለት ይቻላል። ነፋስ ስልክና ካዲስኮን የመሳሰሉ የአገራችን ቀለም ፋብሪካዎች ለነጭ ቀለማቸው መሠረት የሚሆነውን ይህን ዱቄት ከውጭ አገር በውጭ ምንዛሪ ያስገባሉ። የምንቀባው ግድግዳ በአፈራችን ያለው ነገር ተገዝቶ የመጣበት ነው።

ከቀለም ውጭም በየቤቱ ገብቷል። የጥርስ ሳሙናውን፣ ወረቀቱን፣ የፕላስቲክ ወንበሩን ያነጣል። ነጭ የፕላስቲክ ቧንቧና የመስኮት ፍሬም በፀሐይ ቶሎ እንዳይሰነጣጠቅ የሚጠብቀው እሱ ነው። ሰው ሠራሽ ክር ከፋብሪካ ሲወጣ እንደ መስተዋት ያብረቀርቃል፤ ብልጭታውን ለማደብዘዝና ጥጥ እንዲመስል ለማድረግ የሚገባበት ይኸው ዱቄት ነው። የዶርዜ ሸማኔ የጥጥ ድሩንና የፋብሪካውን ክር በጣቱ ለይቶ ያውቃል። በክሩ ውስጥ ያለው ዱቄት ግን የሠፈሩ አፈር ዘመድ መሆኑን የነገረው ሰው ያለ አይመስለኝም።

የፀሐይ መከላከያ ቅባትም አለ። ደቃቁ ዱቄት ቆዳ የሚጎዳውን የፀሐይ ጨረር ይመልሳል። እንደ አርባ ምንጭ ባለ ቆላ ከአልቢኒዝም ጋር ለሚኖር ልጅ ይህ ቅባት ከቆዳ ካንሰር የሚያድን መድኃኒት ነው። ዋጋው ከብዙ ቤተሰብ አቅም በላይ ሆኖ መቆየቱ ያሳዝናል፤ እንደ መድኃኒት ሊታይና ሊደረስበት ይገባል።

በሰማይ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. በአፍሪካ የመጀመሪያውን ቦይንግ 787 ሲረከብ፣ ከአውሮፕላኑ ክብደት 15 በመቶ ያህሉ ቲታኒየም ነበር። ቀደም ባሉት አውሮፕላኖች ድርሻው ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ምን አበዛው? የ787 አካል ግማሹ ከካርቦን ጭረት የተሠራ ነው። አሉሚኒየም ካርቦንን ሲነካ እርጥበት ባለበት እንደ ባትሪ ድንጋይ ይሆንና ይበላል። ቲታኒየም አይበላም፤ በሙቀትና በብርድ የሚሰፋበትና የሚጠብበት መጠንም ከካርቦኑ ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ አስታራቂው እሱ ሆነ። በሰኔ 2008 ዓ.ም. የመጣው ኤርባስ ኤ350ም በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው።

በሞተር ውስጥ ቲታኒየም የሚቀመጠው በፊት በኩል፣ አየሩ በሚታመቅበትና ሙቀቱ ባልበረታበት ክፍል ነው። በደቂቃ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ የሚዞር ምላጭ ቢከብድ ራሱን ይገነጥላል፤ ቀላልነቱ እዚህ ነፍስ ነው። እሳቱ ባለበት የኋላ ክፍል ግን ቦታውን ለኒኬል ቅይጥ ይለቃል። ማረፊያ እግሩን ከአካሉ ጋር በሚያያይዙት ትልልቅ መገጣጠሚያዎችም ያገለግላል።

የብረቱ ታሪክ ከጦርነት ጋርም የተያያዘ ነው። አሜሪካ በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ሶቭየት ኅብረትን ልትሰልልበት የሠራችው ኤስአር-71 አውሮፕላን አካሉ በአብዛኛው ቲታኒየም ነበር፤ ብረቱንም በስውር በሌሎች በኩል የገዛችው ከራሷ ከሶቭየት ኅብረት ነው። ማዕድን ማንን እንደሚያገለግል አይመርጥም።

በሰው አካል ውስጥ

እ.ኤ.አ. በ1952 ስዊድናዊው ተመራማሪ ፔር-ኢንግቫር ብሮኔማርክ የጥንቸል አጥንት ውስጥ ያስገባውን የቲታኒየም መሣሪያ ሊያወጣ ቢሞክር አልወጣ አለው። አጥንቱ ብረቱን እንደ ራሱ ቆጥሮ ተጣብቆበት ነበር። በ1965 ይህንኑ ለሰው ጥርስ መትከያ አዋለው። ዛሬ በመንጋጋ አጥንት ላይ የሚተከለው የጥርስ ብሎን በመላው ዓለም በአብዛኛው ከቲታኒየም ይሠራል።

አጥንት የሚወደው ሌላም ምክንያት አለ። ብረት ግትር ነው፤ ከአጥንት ጎን ሲታሰር ሸክሙን ሁሉ ለብቻው ይሸከምና አጥንቱ ሥራ ፈቶ ይሳሳል። ቲታኒየም ግትርነቱ ከብረት ግማሽ ገደማ ስለሆነ ሸክሙን ከአጥንቱ ጋር ይካፈላል። በዳሌ መገጣጠሚያ ምትክ፣ በአከርካሪ ማሰሪያ፣ በልብ ምት መቆጣጠሪያ ሽፋን የሚመረጠው ለዚህና ለአለመዛጉ ነው።

የማይዝግ ብረት ግን ከሥራ አልወጣም። ዋጋው ዝቅ ስለሚል ለስብራት እስከ ዛሬ በሰፊው ያገለግላል፤ በጥሩ እጅ ከገባም አጥንት ይጠግናል። በአካሉ ብረት የገባለት ሰው አንድ ነገር ሊያደርግ ይገባል፦ የገባለት ምን ዓይነት ብረት እንደሆነ የሚገልጸውን ወረቀት ከሐኪሙ ተቀብሎ ይያዝ። ቲታኒየም በማግኔት ስለማይሳብ ለኤምአርአይ ምርመራ የተሻለ ነው፤ መርማሪው ግን ማወቅ አለበት። ደግሞም ስብራት ደርሶበት ወጌሻ ዘንድ ሰንብቶ ቁስሉ ካመረቀዘ በኋላ ለሚመጣ ታካሚ የትኛውም ብረት ብቻውን አይደርስለትም። የሚያድነው በጊዜ መድረስ ነው።

በፋብሪካና በሱቅ

የባሕር ውሃን ወደ መጠጥ ውሃ በሚለውጡ ፋብሪካዎች፣ ክሎሪንና አሲድ በሚያመርቱ ቦታዎች፣ በባሕር ዳር የኃይል ማመንጫዎች ማቀዝቀዣ ቱቦው ከቲታኒየም ይሆናል። መጀመሪያ ይወደዳል፤ ግን ለአሥርት ዓመታት አይቀየርም። በአገራችን የእንጨትና የብረት ወርክሾፖች የሚታየው ወርቅ የመሰለ የትራፓኖ ፑንታ ወርቅ አልተቀባም፤ የተቀባው ቲታኒየም ከናይትሮጅን ጋር ሲዋሐድ የሚያበጀው ጠንካራ ልባስ ነው። ብረቱን ያስቸገረው የናይትሮጅን ፍቅር እዚህ ጥቅም ሆነ።

በሱቅ በኩል የመነጽር ፍሬም፣ ሰዓት፣ ብስክሌትና ስልክ አለ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው አይፎን 15 ፕሮ ጠርዙን ከቲታኒየም ሠርቷል። ይህ ስሙን በየገበያው አበዛውና ቲታኒየም ያልነካው መጥበሻና ቀበቶ ሁሉ ቲታኒየም ተብሎ ይሸጣል። ገዢው ራሱን የሚጠብቅበት ቀላል መንገድ አለ። ማግኔት ቢይዘው ቲታኒየም አይደለም። ማግኔት ባይዘውም ገና አልተረጋገጠም፤ ብዙ የማይዝግ ብረትም በማግኔት አይሳብምና። በእጅ ሲመዝኑት መጠኑ ከሚያክል ብረት በግልጽ መቅለል አለበት። በመሞረጃ ዲስክ ሲነካ የሚረጨው ብልጭታ ደማቅ ነጭ ነው፤ የብረት ብልጭታ ወደ ቢጫና ብርቱካን ያደላል። ልምድ ያለው በያጅ ይህን በዓይኑ ይለያል።

ጥርጣሬና ጥንቃቄ

ነጩ ዱቄት ለረጅም ጊዜ ከረሜላና ማስቲካ ሲያነጣ ኖሯል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2021 (እ.ኤ.አ.) በዘር ቅንጣት ላይ ጉዳት የማድረሱን ስጋት ማስወገድ አልቻልኩም ብሎ ደመደመ፤ በ2022 የአውሮፓ ኅብረት በምግብ ውስጥ እንዳይገባ ከለከለ። በመድኃኒት እንክብል ሽፋን ግን ተተኪ እስኪገኝ ፈቅዷል። ሌሎች አገሮች በዚህ አልተስማሙም፤ በምግብ መጠቀሙን የቀጠሉ አሉ። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ከረሜላ ነጭ መሆኑ ለልጅ የሚጨምረው ነገር የለም፤ ስለዚህ ስጋቱ ትንሽ ቢሆንም እንኳ የምንሸከምበት ምክንያት የለም።

ሌላው ብናኙ ነው። ዱቄቱን በአፍንጫ መሳብ ለሳንባ ጥሩ አይደለም፤ የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት ምናልባት ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ከሚላቸው መካከል መድቦታል። ግድግዳ ላይ የደረቀ ቀለም ነዋሪውን አያሰጋም። በፋብሪካ ከረጢት የሚገለብጠውና አሮጌ ቀለም በብርጭቆ ወረቀት የሚፍቀው ሠራተኛ ግን አፍና አፍንጫውን የሚሸፍንበት ነገር ሊሰጠው ይገባል።

ለካምባ ምን ይተርፋል?

አንድ ሰው ተነስቶ በጋሞ አፈር ውስጥ ቲታኒየም አለ ቢል እውነት ነው። ከዚያ ቀጥሎ ሀብታም ልንሆን ነው ቢል ግን ሕዝብ ያሳስታል። በአፈር ውስጥ ያለው 2 በመቶ ቁፋሮ አይከፍልም። ከሩቅ የማይገኘው የግቤ 3 ግድብ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ መብራት ብቻውን ግን ክሎሪን፣ ማግኒዚየም፣ አርጎንና የተማረ እጅ አይሆንም። ያ አፈር ለካምባ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው እንሰትና ገብስ ሲያበቅል፣ በእርከን ተይዞ ወደ ሐይቅ ሳይወርድ ሲቀር ነው።

ከዚህ ሁሉ የተረዳሁት ግን ሌላ ነው። የቲታኒየም ታሪክ የሚነግረን የማዕድን ዋጋ ያለው በመለያየት ጥበብ ውስጥ መሆኑን ነው። እኛ ደግሞ ይህን ጥበብ የያዙ ሰዎችን እንዴት ስናኖር ኖርን? በጋሞ ባህል ገበሬው ማላ ሲባል፣ ሸክላ የሚሠሩት ማና፣ ቆዳ የሚያለፉትና ብረት የሚቀጠቅጡት ደጋላ ይባሉ ነበር። ጋብቻ ይከለከሉ፣ መሬት ይነፈጉ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ መሬት የማግኘት መብት ሰጥቷቸዋል፤ የንቀቱ ርዝራዥ ግን እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። በሌላውም የአገራችን ክፍል ብረት ቀጥቃጭ ስሙ በክፉ ሲነሣ ኖሯል። ድንጋይን ወደ መቆፈሪያ የሚለውጥ ሰው፣ የጋሞ ገበሬ ያለ እሱ ባለ ሁለት ጥርስ መቆፈሪያውን የማያገኝበት ሰው፣ በማዕድ አልቀረበም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ለካምባ የምመኘው የቲታኒየም ፋብሪካ አይደለም። የምመኘው የብረት ቀጥቃጩ ልጅ ከአባቱ ወናፍ ሥር ተነስቶ በቴክኒክና ሙያ ተቋም ቶርኖና የአርጎን ብየዳ የሚማርበት፣ ከፈለገም በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የቁሳቁስ ምህንድስና የሚመራመርበት፣ ስሙ ተጠርቶ ማንም ፊቱን የማያዞርበት ቀን ነው። አባቱ የብረትና የኦክስጅንን ጠብ በእጁ ያውቃል፤ ልጁ የቲታኒየምንና የኦክስጅንን ጠብ ለመማር ከማንም የቀረበ ነው። ቢቂላልም ሆነ መልካ አርባ አንድ ቀን ቢከፈቱ፣ ማዕድኑን በአሸዋነቱ ልከን በዱቄትነቱ እንዳንገዛው የሚያደርጉን እንዲህ ያሉ ልጆች ናቸው።

አለቱ 40 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጠብቆናል፤ ይጠብቃል። ልጁ ግን ዘንድሮ አድጎ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ይገባል።